ማን አቀናበረው? ስለ ብሪንግ ሚ ዘ ሆራይዘን ለአንዲት የድሬ ኪቦርዲስት

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው የምኖረው። ኪቦርድ እጫወታለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰርግ ላይ። ከሁለት የሰፈር ልጆች ጋር የሜታል ባንድ ልንጀምር ነው። አንዱ ጊታሪስት፣ አንዱ ድራመር ነው። ሦስታችንም ብሪንግ ሚ ዘ ሆራይዘን የሚባለውን የእንግሊዝ ባንድ እንወዳለን፤ ግን አንስማማም። እነሱ የመጀመሪያዎቹን አልበሞች ነው የሚሰሙት። ከ2013 በኋላ ያለው ፖፕ ነው፣ ባንዱ ለገንዘብ ብሎ ተሸጧል፣ ያበላሸውም ኪቦርድ ነው ይላሉ። እኔ ደግሞ ባንዱን የወደድኩት ከዚያ ወዲህ ባለው ሥራው ነው። እውነት ኪቦርድ ነው ያበላሸው? በእኛ ባንድ ውስጥስ ምን ልጫወት?

መልስ፦ እህቴ፣ መልሱን ከፊት ላስቀምጥልሽ። ኪቦርድ ይህን ባንድ አላበላሸውም። የጓደኞችሽ ጆሮም ግን አልተሳሳተም። የ2006ቱንና የ2019ኙን አልበም አከታትሎ የሰማ ሰው "አንድ ባንድ ነው" ቢሉት ባያምን አይፈረድበትም። ለውጡ አለ፣ ትልቅም ነው። ከእነሱ የምለየው ምክንያቱ ላይ ነው።

እኔ እዚሁ ድሬ ቀረጻና ሚክስ እሠራለሁ፤ ጊታርም አስተምራለሁ። አንድ አልበም ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው "ማን አቀናበረው?" ብዬ ነው። በአገራችን ሙዚቃ ይሄ የተለመደ ጥያቄ ነው። አንድ ዘፋኝ ከሟቹ ኤልያስ መልካ ጋር ሠርቶ ያወጣው አልበምና ከአበጋዝ ክብረወርቅ ሺዖታ ጋር ሲሠራ የሚወጣው አልበም እንደሚለያይ ሙዚቃ የሚከታተል ሁሉ ያውቃል። ዘፋኙ ተሸጠ አንልም፤ አቀናባሪ ቀየረ ነው የምንለው። የውጭ ባንድ ላይ ስንደርስ ግን ጥያቄውን እንረሳዋለን። አምስት ልጆች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻቸውን ተቀምጠው የሠሩት ይመስለናል። እስቲ ይህን ባንድ በዚሁ ጥያቄ ስሚው። ትልልቆቹ ለውጦች በሙሉ አንድ ሰው ስቱዲዮ ሲገባ የመጡ ናቸው። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ባንዱ የተመሠረተው በ2004 በሼፊልድ ነው፤ በብረት ሥራ የምትታወቅ የሰሜን እንግሊዝ ከተማ ናት። ድምፃዊው ኦሊቨር ሳይክስ፣ ጊታሪስቱ ሊ ማሊያ፣ ቤዝ ጊታሪስቱ ማት ኪንና ድራመሩ ማት ኒኮልስ ያኔም ነበሩ፣ ዛሬም አሉ። የመጀመሪያው ሙሉ አልበማቸው ካውንት ዩር ብሌሲንግስ በ2006 ወጣ። ይሄ ዴዝኮር የሚባለው ነው፤ የዴዝ ሜታልን ፍጥነትና ጉሮሮ ከሃርድኮር ፓንክ ጋር ያጋባ ስልት። በዚያው ዓመት ኬራንግ መጽሔት የብሪታንያ ምርጥ አዲስ ባንድ ብሎ ሸለማቸው።

ጓደኞችሽ የሚወዱት ይህን ነው፤ ጉልበቱን እኔም እወደዋለሁ። በሥራ ጆሮ ስሰማው ግን ዘፈኖቹ ገና ዘፈን አልሆኑም። ሪፍ፣ ማለትም እየተደጋገመ የሚመታ አጭር የጊታር ሐረግ፣ በሪፍ ላይ ነው የተቀጠለው። አንዱ ያልቅና ሌላው ይጀምራል፤ ከዚያ ብሬክዳውን ይመጣል። የትኛው ዘፈን የትኛው እንደሆነ ለመለየት ደጋግሞ መስማት ይጠይቃል።

ብሬክዳውኑን ትንሽ ላብራራው፣ ኋላ ለአንቺ ሥራ ስለሚጠቅም። ቴምፖው አይቀየርም፤ የሚቀየረው ስኔሩ፣ ጯ የሚለው ድራም፣ ነው። በሁለተኛውና በአራተኛው ምት ላይ ይመታ የነበረው ስኔር ሦስተኛው ላይ ብቻ ይመታል። ሰሚው የሙዚቃው ፍጥነት በግማሽ የቀነሰ ይመስለዋል። ጊታሩና የእግር ድራሙ አንድ ላይ ይመታሉ፤ በመሃል ዝም ይባላል። ያ ሁሉ ክብደት የሚመጣው ከዝምታው ነው። ዝምታውን በሌላ ድምፅ ከሞላሽው ብሬክዳውኑ ይሞታል።

በ2008 ሱሳይድ ሲዝን መጣ። ለዚህ አልበም ፍሬድሪክ ኖርድስትሮም ጋ ወደ ስዊድን ሄዱ። ሰውየው ጎተንበርግ በሚገኘው ስቱዲዮ ፍሬድማን አት ዘ ጌትስና ኢን ፍሌምስ የተባሉትን የሜታል ባንዶች የቀረጸ ነው። ሜታልኮር፣ ማለትም ሜታልን ከሃርድኮር ያጋባው ስልት፣ ግማሽ አካሉን ያገኘው ከዚያች ከተማ ነው ብል አላጋነንኩም። ከባድ ጊታር ላይ ዜማ ማስኬድን እዚያ ያሉ ባንዶች አሳዩ። እንደ ኪልስዊች ኢንጌጅ ያሉ የአሜሪካ ባንዶች ያንን ዜማ ወስደው ሃርድኮር ላይ ጫኑት፤ ጩኸቱን ለስንኙ፣ ንጹሑን ዜማ ለአዝማቹ ሰጡ። የሼፊልዶቹ ልጆች ከኖርድስትሮም ጋር ሲቀመጡ ፍጥነታቸው ቀነሰ፣ ሪፉ ከበደ፣ ዘፈኖቹም መልክ ያዙ። እንግዲህ የመጀመሪያው ለውጥ ይሄ ነው፤ ኪቦርዲስት የሚባል በአካባቢው የለም።

ቀጥሎ ያለውን ደግሞ ለጓደኞችሽ በደንብ ንገሪያቸው። በ2009 ያንኑ አልበም ለሌሎች ሙዚቀኞች ሰጥተው በኤሌክትሮኒክ ድምፅ እንደገና አሠርተው አወጡት። ከሠሩት አንዱ ኋላ ስክሪሌክስ ተብሎ ዓለም ያወቀው ሰኒ ሙር ነው። ኪቦርዲስቱ ባንዱን ሊቀላቀል ገና ዓመታት ይቀሩታል። ኤሌክትሮኒኩን ፈልገው የሄዱት ራሳቸው ናቸው፤ ማንም አልጫነባቸውም።

የ2010ሩ አልበም ስሙ በጣም ረጅም ስለሆነ አድናቂዎች ዘር ኢዝ ኤ ሄል ብለው ያሳጥሩታል። አሁንም ኖርድስትሮም ነው የሠራው። ግን ኳየር ገባ፣ የኦርኬስትራ ድምፅ ገባ፣ ላይትስ የተባለችው ካናዳዊት ድምፃዊት ገባች። አውስትራሊያ ውስጥ የሽያጭ ሰንጠረዡን 1ኛ ሆኖ ያዘ። እኔ ይህን አልበም የምሰማው ባንዱ የሚፈልገው ድምፅ ምን እንደሆነ አውቆ፣ የሚሠራለት ሰው ያጣበት ጊዜ አድርጌ ነው። ሐሳቡ ትልቅ ነው፤ ኦርኬስትራውና ጊታሩ ግን ብዙ ቦታ ላይ ጎን ለጎን ይሄዳሉ እንጂ አልተዋሃዱም።

ያ ሰው ኪቦርዲስቱ ጆርዳን ፊሽ ሆነ። መጀመሪያ የተጠራው የኤሌክትሮኒኩን ክፍል እንዲያግዝ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የባንዱ አባል ሆነ። ያኔ ሁለተኛ ጊታሪስት የነበረው አውስትራሊያዊው ጆና ዋይንሆፈን በ2013 መጀመሪያ ላይ ወጣ። በሌላ አነጋገር የሁለተኛውን ጊታር ቦታ ኪቦርድ ወሰደው። ጓደኛሽ ጊታሪስቱ የሚያመው ይሄ ይመስለኛል፤ ይገባኛልም።

በ2013 የወጣው ሴምፒተርናል ግን የባንዱ ምርጥ ሥራ ነው፤ በዚህ ላይ አልከራከርም። ፕሮዲውሰሩ ፓንቴራና ዴፍቶንስ ከተባሉት ከባድ ባንዶች ጋር የሠራው ቴሪ ዴት ነው። በከባድ ጊታር የታመነ ሰው አንድ ወገን፣ የኤሌክትሮኒክ ሰው ሌላ ወገን ሆነው መሃል ላይ ባንዱ ተቀምጧል። አልበሙን የሚከፍተውን ካን ዩ ፊል ማይ ሃርትን አሁኑኑ ክፈቺና በጥሩ ኢርፎን ስሚው። መጀመሪያ የምትሰሚው፣ ጆሮሽ ላይም የሚቀረው ጊታር አይደለም። ተቆራርጦና ተጨማድዶ እንደ ኪቦርድ የሚጫወት የሰው ድምፅ ነው። ጊታሩ ሲገባ አይሽቀዳደምም፤ ረጅም ኮርድ ይዞ ከሥር ይቆማል። ዜማውን ለሲንቱ፣ ማለትም ለኤሌክትሮኒኩ ኪቦርድ፣ ለቀቀለት። በዚህም ጊታሩ አላነሰም፤ እንዲያውም ግዙፍ ሆነ።

ምክንያቱ ቴክኒካዊ ነው። ጊታር ላይ ብዙ ዲስቶርሽን ሲጨመር አንድ ኖታ ብቻውን አይወጣም፤ የላይኛ ድምፆቹ ሁሉ አብረው ይገናሉ። ሁለት ኖታ አንድ ላይ ሲመታ ደግሞ እርስ በርስ ተጋጭተው አዳዲስ ድምፆች ይፈጥራሉ። መነሻውና አምስተኛው ኖታ ከሆኑ ግጭቱ ይስማማል። ሦስተኛው ኖታ ሲጨመር ግን ድምፁ ይደፈርሳል። ስለዚህ የሜታል ጊታሪስት ብዙውን ጊዜ ሦስተኛውን ትቶ መነሻውንና አምስተኛውን ብቻ ይመታል። አንድ ኮርድ ማይነር ይሁን ሜጀር፣ ማለትም ይዘን ይደሰት፣ የሚወስነው ደግሞ ሦስተኛው ኖታ ነው። ጊታሩ የማይለውን ማን ይበለው? ኪቦርዱ። ፊሽ ያደረገው ይህንን ነው። ጓደኞችሽ "ፖፕ ሆነ" ሲሉ የሚሰሙት አብዛኛው ነገር ለካ ሲጎድል የኖረው ሦስተኛ ኖታ ነው።

ድምፃዊውም ተለወጠ። ሳይክስ እዚህ አልበም ላይ መዝፈን ጀመረ። ጩኸቱ አልቀረም፤ ግን ከማስፈራራት ወደ ኑዛዜ ሄደ። በ2014 ሽልማት ሲቀበሉ ኬታሚን የተባለው አደንዛዥ ዕፅ ሱሰኛ እንደነበርና ማገገሚያ እንደገባ በአደባባይ ተናገረ። ያንን ካወቅሽ በኋላ የዚህ አልበም ግጥሞች ሌላ ይሆኑብሻል። እንዲህ ያለ ነገር ለመናገር በጩኸት ብቻ አይበቃም፤ ቃሉ መሰማት አለበት። ለገንዘብ ነው ለሚለው ክስ የእኔ መልስ ይሄ ነው። የሚለው ነገር ነበረው፤ እንዲሰማለት ፈለገ።

በ2015 ዳትስ ዘ ስፒሪት ላይ ስንደርስ ግን ለጓደኞችሽ ፍርዱን እሰጣለሁ። እዚህ ጩኸቱ ከሞላ ጎደል ጠፋ። ጊታሪስቱ ማሊያም እጁ ታሰረ፤ በ2008 ይጫወተው የነበረው ዓይነት ሪፍ እዚህ የለም። በግሪክ ሳንቶሪኒ ደሴት የተቀረጸ ነው፤ ፕሮዲውሰሮቹ ሳይክስና ፊሽ ራሳቸው ናቸው። በእንግሊዝም በአሜሪካም 2ኛ ደረጃ ያዘ። ሮክ ነው፣ ጥሩ ሮክ ነው፤ ሜታልኮር ነው ብዬ ግን አልሟገትም። የጎደለው ምን እንደሆነም ግልጽ ነው። ቴሪ ዴት የለም። የጊታሩን ወገን የሚይዝ ሰው ክፍሉ ውስጥ አልነበረም።

በ2016 በለንደኑ ሮያል አልበርት ሆል ከኦርኬስትራና ከኳየር ጋር ያቀረቡትን ኮንሰርት ፈልገሽ ስሚ። ገቢው ለካንሰር ሕሙማን ወጣቶች ነበር። ለኪቦርዲስት ትምህርት ቤት ነው። በሲንት የምታውቂያቸውን መስመሮች ቫዮሊንና ብራስ ሲወስዷቸው ትሰሚያለሽ፤ የትኛው መስመር ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ይገለጥልሻል።

የ2019ኙ አሞ ብዙ በር የተከፈተበት አልበም ነው። ዘፋኟ ግራይምስ አለች፣ በአፉ ምት የሚሠራው ራዜል አለ፣ የብላክ ሜታሉ ዳኒ ፊልዝም አለ። እንግሊዝ ውስጥ የመጀመሪያቸው 1ኛ አልበም ሆነ፤ ለግራሚም በምርጥ የሮክ አልበም ዘርፍ ታጨ። ለእኔ ያልተሳኩ ቦታዎች አሉበት። አንዳንዱ ዘፈን ከእንግዳው ጋር ይሄድና ባንዱ ራሱ ይጠፋል። ድፍረቱን ግን አከብራለሁ።

በኮቪድ ጊዜ፣ በ2020፣ ፖስት ሂዩማን፦ ሰርቫይቫል ሆረር ሲወጣ ክብደቱ ተመለሰ። እዚህም "ማን ገባ?" ብለሽ ጠይቂ። ዱም ለተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ በሠራው እጅግ ከባድ ሙዚቃ የሚታወቀው ሚክ ጎርደን ገብቶበታል። ከጃፓን ቤቢሜታል የተባለው ባንድ፣ ከአሜሪካ ድምፃዊቷ ኤሚ ሊ አሉበት። በ2023 መጨረሻ ፊሽ ባንዱን ለቀቀ። ብዙ ሰው አሁን ወደ ድሮው ይመለሳሉ ብሎ ጠበቀ። በ2024 ፖስት ሂዩማን፦ ኔክስ ጄን ወጣ፤ ጊታሩ ከብዷል፣ ጩኸቱ አለ፣ ኤሌክትሮኒኩ ግን አልሄደም። ሰውየው ወጣ፣ ድምፁ ቀረ። ኪቦርዱ ባዕድ ቢሆን ኖሮ ከባለቤቱ ጋር ይወጣ ነበር።

ስለ ተጽዕኖአቸው ብዙ አልልም። ኤሌክትሮኒክን ከከባድ ጊታር ጋር በመቀላቀል የመጀመሪያዎቹ እንዳልሆኑ ግን ይታወቅ። የአሜሪካው ባንድ ሊንኪን ፓርክ ቀድሟቸዋል፤ ሳይክስም የእነሱ አድናቂ ነው። እንግሊዝ ውስጥ እንተር ሺካሪ በ2007 የዳንስ ሲንትን ከሃርድኮር ጋር ቀላቅሏል። የሼፊልዶቹ ልዩነት ከዴዝኮር ተነስተው እዚያ መድረሳቸው ነው። ስለዚህ የሜታሉ ሰፈር አብሯቸው ተጓዘ። ከሴምፒተርናል በኋላ የመጡ የሜታልኮር ባንዶችን ብትሰሚ ሲንት እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ ምሰሶ የቆመባቸው ብዙ ናቸው። ባድ ኦመንስ በ2016 የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ ሁሉም ከዚህ ባንድ ጋር ያነጻጽረው ነበር። በ2022 ደግሞ በብሪት ሽልማት መድረክ ላይ ኤድ ሺራን ከእነሱ ጋር ቆሞ የራሱን ዘፈን በከባድ ጊታር ዘፈነ። በ2006 ይህን ቢነግሩኝ አላምንም ነበር።

ድሬ ላይ ተቀምጦ "ቅልቅል ሙዚቃን ያበላሻል" ማለት ደግሞ ለእኔ ከባድ ነው። ዓሊ ቢራ የተወለደው እዚህ ነው፤ በ1947። በልጅነቱ ከአፍራን ቀሎ ቡድን ጋር ጀመረ፣ ኋላ አዲስ አበባ ሄዶ ከክብር ዘበኛ ባንድ ጋር ሠራ። በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛ፣ በዓረብኛ ዘፈነ። ዑድም ጊታርም ይዞ ቆሟል። በ2022 እስኪያርፍ ድረስ ባንዱም ዘመኑም ስንት ጊዜ ተቀያየረበት። ተሸጠ ያለው የድሬ ሰው ግን አልሰማሁም። የራሱ የሆነው ነገር በሁሉም ውስጥ ይሰማ ነበርና።

ወደ እናንተ ባንድ ልምጣ። ከሰርግ የምትመጪ ኪቦርዲስት ስለሆንሽ መጀመሪያ የምትተዪው ግራ እጅሽን ነው። ሰርግ ላይ ቤዙን የምትይዢው አንቺ ነሽ፤ ወይም ስታይሉ፣ የኪቦርዱ አውቶማቲክ አጃቢ፣ ይይዝልሻል። እዚህ ግን ጊታሪስቱ ወፍራሙን ክር ወደ ሲ ካወረደው ድምፁ 65 ኸርዝ ላይ ይጀምራል። ቤዝ ጊታር ሲኖር ከዚያም በአንድ ኦክታቭ ይወርዳል፤ የእግር ድራሙም እዚያው ነው። ግራ እጅሽ እዚያ ከገባ ሁሉም ነገር ጭቃ ይሆናል፤ ጓደኞችሽም "አልኩሽ አይደል" ይላሉ። ስለዚህ ስታይሉን አጥፊው። ፓድ፣ ማለትም ረጅም ለስላሳ ድምፅ፣ ስትጠቀሚ ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን በኢኪው (በድምፅ ማስተካከያው) ቁረጪው። ቀኝ እጅሽ ከመሃከለኛው ሲ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ፣ ጥቂት ኖታ ይዞ፣ ሦስተኛውን ይስጥ። አስር ጣት አያስፈልግም። ብሬክዳውን ሲመጣ እጅሽን አንሺ።

ቤዝ ጊታሪስት ካላገኛችሁ ግን ነገሩ ይለያል። ያኔ ከጊታሩ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብለሽ ቤዙን በሲንት ያዢ። ኮርድ የለም፤ አንድ ኖታ ብቻ፣ ከእግር ድራሙ ጋር እኩል።

ቅኝቱን አትተዪው። የትዝታ ማይነር ኖታዎች ከሲ ሲነሱ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ናቸው። አምስቱም የሜታል ጊታሪስት ሁሌ በሚጠቀምበት ተራ ማይነር ስኬል ውስጥ አሉ። የባቲ ማይነር ደግሞ ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት ነው፤ ጊታሪስትሽ ከሮክ የተማረው ባለ አምስት ኖታ ማይነር ራሱ ነው። ስሙን ሳትነግሪው በባቲ ሪፍ አጫውቺው፤ አቦ፣ ቤቱ እንደገባ ሰው ነው የሚሆነው። ድራመራችሁ ደግሞ ችክችካን ይሞክር። ስድስት በስምንት ነው። ሁለቱን ባር እንደ አንድ ቆጥሮ ስኔሩን የሁለተኛው ባር መጀመሪያ ላይ ብቻ ሲያሳርፈው ብሬክዳውን ይሆናል። ይህን እናንተ ከሼፊልድ ልጆች በተሻለ ትሠሩታላችሁ፤ ምቱ በደማችሁ አለ።

የሚጮኸውን ሰው ተጠንቀቁለት። ጉሮሮ ካመመው ያቁም፤ ድምፅ የሚገፋው በሆድ አየር እንጂ ጉሮሮን በማነቅ አይደለም። በድሬ ሙቀት ውሃ ከጎኑ አይጥፋ። መብራት ሲሄድ ላፕቶፕ ላይ የሠራሽው እንዳይጠፋ ቶሎ ቶሎ ሴቭ አድርጊ። ድምፅ ማጉያ ከሌላችሁ ልምምዱን በኢርፎን ጀምሩት፤ ጎረቤትም ይተኛል፣ እርስ በርስም ትሰማማላችሁ።

ለመጀመሪያው ልምምድ አንድ ዘፈን ብቻ ያዙ፤ ከ2008ቱ አልበም እነሱ ይምረጡት። እነሱ እንዳለ ይጫወቱት። አንቺ ስንኙ ላይ ዝም በዪ፣ አዝማቹ ላይ ብቻ ሦስተኛውን ጨምሪ። አንዴ ካንቺ ጋር፣ አንዴ ያለ አንቺ በስልክ ቅረጹት፤ ከዚያ ሁለቱንም አጫውታችሁ ሦስታችሁም ስሙት።